ለመጠለያው 4 ኮከብ፣ ከበሩ ውጪ ላለው 1

11 ሌሊት ስላደርኩበት የማታ መጠለያ ልጻፍ። ስሙን አልጠራም፤ ቅሬታዬ አብዛኛው እነሱን አይመለከትም። ስራዬ ተቋረጠ፣ ኪራይ ጨመረ፣ የቤት ኪራይ ድጎማው ግን ባለበት ቆመ። ውዝፉ ሲጠራቀም አከራዬ ውጣ አለኝ፤ ወጣሁ።

መጀመሪያ አገልግሎቱን። አልጋው ንጹህ ነው፣ ሻወሩ ሙቅ ውሃ አለው፣ ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታም አለ። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የእቃ ሳጥኑ ነው። ውጪ ያደረ ሰው ይገባዋል። ጎዳና ላይ ስታድሩ ቦርሳችሁን ተንተርሳችሁ፣ ጫማችሁን ሳታወልቁ፣ ኮሽ ባለ ቁጥር እየባነናችሁ ነው። እዚህ የመጀመሪያው ሌሊት ጫማዬንና ወረቀቶቼን ሳጥኑ ውስጥ ቆለፍኩ፣ ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አሰርኩና ተኛሁ። እስኪነጋ አንዴም አልነቃሁም። የማታ ተረኛዋ ደግሞ በሁለተኛው ቀን ስሜን ይዛዋለች። «ዛሬ አመሸህ፣ ደህና ነህ?» ስትለኝ እንባዬ መጣ። ለሳምንታት በስሜ የጠራኝ ሰው አልነበረም።

ችግሩ የሚጀምረው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው። መብራቱ ቦግ ይላል፣ ሁሉም ሰው ይወጣል፣ በሩ እስከ ማታ ይዘጋል። የታመመም ይወጣል፣ ሌሊት ሲሰራ ያደረም ይወጣል። ለምን ብዬ ጠየቅኩ። በጀቱ የሚመጣው ለአዳር ብቻ ነው፣ ለቀን ሰራተኛ የሚከፈል የለም አሉኝ። ውሳኔው የተወሰነው ሌላ ቦታ፣ ሌላ ወረቀት ላይ ነው። የምንወጣው ግን እኛ ነን።

ከዚያ ያ የድጎማ ፎርም አለ። ድጎማ ለማመልከት የታደሰ መታወቂያ፣ መታወቂያ ለማሳደስ አድራሻ፣ አድራሻ እንዲኖር ቤት፣ ቤት ለመከራየት ደግሞ ያው ድጎማው። «ቋሚ አድራሻ» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን ይዤ ቆምኩ። ከኋላዬ ወረፋው ያጉረመርማል። ባዶውን መለስኩት፣ እነሱም «ያልተሟላ» ብለው መለሱልኝ።

ከጎኔ የነበሩት አባት ከሆስፒታል በወጡበት ቀን ነው የመጡት፤ ቁስላቸው ገና አልደረቀም፣ መድሃኒታቸውን በፌስታል ይዘዋል። ማዶ የሚተኛው ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው ካደገበት ማሳደጊያ የወጣ ነው። ሆስፒታሉ አልጋ ማስለቀቅ ነበረበት፣ ማሳደጊያውም የዕድሜ ገደብ አለው። አንዱም ህግ ስለ ቤት አልባ ሰው ብሎ የወጣ አይደለም። የመጠለያውን አልጋ የሚሞሉት ግን እነሱ ናቸው። ሰው «ጎዳና የወጣው በሱስ ነው» ሲል የምናደደው ለዚህ ነው፤ ከእኛ ክፍል ስንቱ የአንድ መስሪያ ቤት በር ተዘግቶበት፣ የሚቀጥለው ሳይከፈትለት መሃል ላይ የቀረ ሰው ነበር!

ቅጣትም አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሞች ውጪ የሚያድርን ሰው መቅጣት ይችላሉ ብሎ ወስኗል፣ የሚተኛበት የመጠለያ አልጋ ባይኖር እንኳ። እስቲ አስቡት፣ ኪራይ መክፈል ያቃተው ሰው ቅጣቱን በምን ይከፍላል? ካልከፈለ ክስ ይከተለዋል፤ ክስ ያለበትን ሰው ደግሞ አከራይ አይቀበልም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ስላየሁ ነው እንዲህ የምናገረው። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ «ቤት ይቅደም» የሚለውን አሰራር አገር አቀፍ ፖሊሲ አደረገችው። ሰውየው መጠጥ ተው፣ መጀመሪያ ስራ ፈልግ አይባልም። በስሙ የኪራይ ውል ይፈርማል፣ ቁልፍ ይሰጠዋል፣ ድጋፉ ከዚያ በኋላ እቤቱ ይመጣል። ትልልቅ መጠለያዎች ታድሰው መኖሪያ ቤት ሆነዋል። በዋና ከተማዋ በሄልሲንኪ እ.ኤ.አ. በ1985 ከ2,000 በላይ የመጠለያ አልጋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የቀረው 52 ነበር። ካናዳም እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 በ5 ከተሞች ከ2,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የዚሁ አሰራር ሙከራ አድርጋለች። ቤት ቀድሞ የተሰጣቸው የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት ይልቅ ቤታቸው ውስጥ ጸንተው ቆይተዋል። እኔ በአንድ የሳጥን ቁልፍ ሌሊቱን ሙሉ ከተኛሁ፣ የቤት ቁልፍ ያገኘ ሰው እንዴት እንደሚያድር መገመት አያቅተኝም።

ለመጠለያው 4 ኮከብ ሰጥቻለሁ። አንዱን የቀነስኩት በምግብ ሰዓት ወረፋውና ጫጫታው ስለሚበዛ፣ ለሴቶችም የተለየ መግቢያ ስለሌለው ነው፤ ይሄን እነሱ ራሳቸው ማስተካከል ይችላሉ።

የምትሄዱ ካላችሁ ከመምሸቱ በፊት ድረሱ፣ አልጋው ቶሎ ይሞላል። ወረቀቶቻችሁን በፌስታል ጠቅልሉ። እኔ በ9ኛው ቀን የሰማሁትን ደግሞ እናንተ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፦ ፎርሙ ላይ የመጠለያውን አድራሻ መጻፍ ይቻላል፣ ደብዳቤ ይጽፉላችኋል። ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ የለም።