ማግኔት አውጥቶ "ንጹህ ኮፐር ነው" ከሚላችሁ ሱቅ ተጠንቀቁ

ጎንደር ያላችሁ፣ በተለይ ቤት እየሠራችሁ ወይ መስመር እያስቀየራችሁ ያላችሁ ይቺን አንብቧት፣ እኔ አሁንም ደሜ እንደፈላ ነው። አራዳ አካባቢ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ለምጣድ መስመር ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ገዛሁ። ያው ታውቋቸዋላችሁ፣ "ግቢ እናቴ፣ ላንቺ ስለሆነ ነው በዚህ ዋጋ" የሚሉት፣ ደረሰኝ ስትጠይቂያቸው ፊታቸው የሚቀየረው።

ሻጩን ልጅ ኮፐር፣ ማለትም መዳብ፣ መሆኑን በምን ልወቅ አልኩት። ከመሳቢያ ማግኔት አወጣ፣ የሽቦውን ጫፍ ትንሽ ላጥ አድርጎ አስጠጋው፣ አልያዘም። እያመላለሰ "አየሽ? ፎርጂድ ቢሆን ይይዘው ነበር" ይለኛል ዓይን ዓይኔን እያየ። ላዩ ቀይ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ከፈልኩ።

ከዛ እንጀራ እየተጋገረ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ ሶኬቱ ቀልጦ ጠቁሯል። ኤሌክትሪሺያኑ ሽቦውን በቢላ ፋቅ ሲያደርገው ከቀዩ ሥር ነጭ! አሉሚኒየም ነው፣ መዳቡ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ላዩን ብቻ። አሉሚኒየምን ማግኔት መቼ ይዞት ያውቃል? ይሄን ደግሞ ልጁ አሳምሮ ያውቃል። አሉሚኒየም በዚያው ውፍረት የመዳብን 60 በመቶ ገደማ ነው የሚያስተላልፈው፣ 3500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፣ በዛ ላይ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከመዳብ የበለጠ ይለጠጣል ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ እንዲህ እያለ እስክሩ ሥር ይላላል፣ የላላው ይግላል፣ የሽቦው ፕላስቲክ ደግሞ አብዛኛው የተሠራው ለ70 ዲግሪ ነው።

የተቃጠለውን ይዤ ተመለስኩ። ያው ልጅ ስልኩን ከጆሮው እንኳ ሳያነሳ "ማግኔቱ ያዘው? አልያዘውም። ታዲያ ምን ሁን ነው የምትይኝ?" አጠገቡ ያለው ደግሞ "ምጣድሽን ቀይሪ እናቴ" ብሎ ሳቀ፣ በጣቱ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለውን ወረቀት አሳየኝ። በጣም ያንገበገበኝ ግን ይሄ አይደለም። እዛው ቆሜ እያየሁት አንድ ሽማግሌ ገቡ፣ ሽቦ ጠየቁ፣ ልጁ መሳቢያውን ሳብ አድርጎ ያቺኑ ማግኔት አወጣ! "ጋሼ በቢላ ያስፍቁት!" ብዬ ጮህኩ፣ ክንዴን ይዘው አስወጡኝ።

እና ቆርጣችሁ ፋቁት፣ መሀሉ ነጭ ከሆነ ጥላችሁ ውጡ። ጥቅሉንም አንሱት፣ አሉሚኒየም ከመዳብ በጣም ይቀላል። ደረሰኙ ላይ "መዳብ" ብለው ካልጻፉላችሁ አትክፈሉ፣ ለኔ የሰጡኝ ብጣሽ "ሽቦ" ብቻ ነው የሚለው፣ ማህተም የሚባል ነገርም የለውም።