ለደባርቁ አስጎብኚያችን፣ የዘገየ ምስጋና

ሰሞኑን ስልኬ ሞልቶብኝ የድሮ ፎቶ ስሰርዝ አንዱ ላይ እጄ ቆመ። ዘጠኝ ሰው በዝናብ ልብስ ተጠቅልሎ ቆሟል። ከኋላችን ነጭ ነው፤ ምንም አይታይም። እዚያ ነጭ ውስጥ እሜት ጎጎ አለ፤ ስሜን ተራሮች የሄደ ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት ያ ገደል አፋፍ።

ቀኑ ጳጉሜ 6፣ 2011 ነበር። የበዓል ዋዜማ። «ስሜን በክረምት መውጫ ለምለም ነው» ብሎ ያነሳሳን ወዳጃችን ስለ ዝናቡ ትንፍሽ አላለም።

ከግጭ ካምፕ ጠዋት ስንነሳ ጉሙ ጅብራውን፣ ያን የደጋ ረጅም ተክል፣ ሳይቀር ውጦታል። ከፊት አስጎብኚው፣ ከኋላ ጠመንጃውን በጋቢው የሸፈነው ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ። ወደ አፋፉ ስንቃረብ ሰማዩ አጉረመረመ። አስጎብኚው ቆመና «ከዚህ አናልፍም» አለ።

ከአሜሪካ የመጣው የአክስቴ ልጅ ተቆጣ። «ከዋሽንግተን እዚህ ድረስ መጥቼ ሳላይ ልመለስ?»

«ምኑን ያዩታል? ጉም እኮ ነው» አለው፣ በትህትና። ከዚያ አንድ የአፈር ጓል አንስቶ ወደፊት ወረወረ። ሲያርፍ አልሰማንም። ሁላችንም አንድ እርምጃ ወደኋላ አልን። ያቺን ፎቶ የተነሳነው ያኔ ነው።

ከአፋፉ አውርዶን ብዙም ሳንርቅ በረዶው ወረደ። የብረት ምርኩዞቻችንን አስጣለን፤ ተራርቀን በየቦርሳችን ላይ ቁጢጥ እንድንል አደረገ። መብረቅ ሰብሰብ ያለ ሰው ላይ ከወደቀ ሁሉንም ነው የሚመታው አለን። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ብቻ ትዝ ይለኛል።

መንገዱ ከዚያ በኋላ ድጥ ሆነ። እሱ ሰልፉን ገለበጠው፦ ቀርፋፎቹ ፊት፣ ፈጣኖቹ ኋላ። እኔ አንደኛ ወጣሁ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ብዙም ሳልቆይ የጫማዬ ሶል ተገንጥሎ እንደ አዞ አፉን ከፈተ። ስካውቱ ምንም ሳይናገር ከኪሱ ሲባጎ አወጣ፤ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ሦስቴ ጠምጥሞ፣ ቋጠሮውን በጥርሱ ጎትቶ አሰረልኝ። አዲስ አበባ እስክመለስ አልተፈታም።

እናትዬ የሚባለው ጫፍ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ መሆኑ ነው፣ ያ የአክስቴ ልጅ ራሱን ይዞ አስመለሰው። አስጎብኚው ቦርሳውን ነጥቆ አዘለ፤ እረፍቱንም ሰረዘና ቶሎ ቁልቁል ወሰደን። ስንወርድ ልጁ ዓይኑ ተከፈተ፤ ንዴቱም አብሮ በረደ።

ጨነቅ ካምፕ የገባነው ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው። (ስሙ ለዚያ ቀን የወጣ ነው የሚመስለው።) ወጥ ቤቱ ሾርባ አፍልቶ ጠበቀን። አስጎብኚያችን ሁለቴ ቆጠረን፤ ዘጠኝ መሆናችንን ሲያረጋግጥ ስልኩን ይዞ ጉብታው ላይ ወጣ። ኔትወርክ ፍለጋ ነው፤ ለልጆቹ እንኳን አደረሳችሁ ሊል። በእኛ ምክንያት ዋዜማውን ከቤቱ ውጭ አሳለፈ። በማግስቱ ሰማዩ ጠርቶ ዋልያ አየን፤ እሱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ኮሮና መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ እንግዳ ጠፋ። ፎቶውን ያየሁ ዕለት ደወልኩለት። «የሲባጎዋ እመቤት!» አለኝ። አሁን ኑሮው በድንችና በገብስ ነው።

ጨዋታ አዋቂ አስጎብኚ ለምትፈልጉ እሱ አይሆናችሁም፤ ቁጥብ ነው፤ ግማሽ ቀን ዝም ሊል ይችላል። በሰላም ወጥቶ በሰላም መግባት ለምትፈልጉ ግን ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ስካውቱንም እሱ ያገናኛችኋል። ስምና ስልክ አደባባይ ላይ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዶልኛል። የመንገዱን ሁኔታ ግን ትኬት ሳትቆርጡ ጠይቁት። አይሆንም ካለ አትከራከሩት።