ፔዳ አጠገብ ያለው ጌም ቤት፦ ዲስኩ፣ ቪአሩና ገበጣው

ባሕር ዳር ውስጥ ጌም ቤት ሞልቷል። አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ ፊፋና ጩኸት። ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው ግን ለብቻው ሊጻፍለት ይገባል። በሩ ላይ ስም የለውም። ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ወደ ውስጥ ገባ በሉና የጆተኒውን ድምፅ ተከተሉ፣ ታገኙታላችሁ።

ፊት ለፊት ያለው ክፍል የፕሌይስቴሽን ነው፣ የፒኤስ 4 እና የፒኤስ 5። ዋጋው ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል። በጨዋታ ከሆነ የተሸነፈ ይከፍላል፤ በሰዓት ከሆነ ደግሞ መቁጠር የሚጀመረው ጌሙ ከተከፈተ በኋላ ነው እንጂ ቁጭ ካላችሁበት አይደለም። መብራት ከሄደ የቀራችሁ ደቂቃ ደብተር ላይ ይያዝላችኋል፣ ሌላ ቀን መጥታችሁ ትጨርሱታላችሁ። ይሄን የሚያደርግ ሌላ ቤት እዚህ ከተማ አላየሁም። ጆይስቲኮቹ ደህና ናቸው፣ ከአንዱ በቀር። የዚያኛው የግራ ማዞሪያ ላስቲኩ ተልጦ አልቋል፣ ሳትነኩት ተጫዋቹ ወደ መስመር ይነጉዳል። ቀይርልኝ ካላችሁት ግን ልጁ ሳያንገራግር ይቀይራል።

ቤቱን የምወድበት ትልቁ ምክንያት መደርደሪያው ላይ ያሉት ዲስኮች ናቸው። የድሮ ፊፋዎች አሉ፣ ፔስ የሚባለው ሌላው የኳስ ጌም አለ፣ የመኪና ውድድርም አለ። ዲስኩ ገባ፣ ተጫወታችሁ፣ አለቀ። ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ሥራው አይቆምም። ባለቤቱ የተሰለቸ ዲስክ ሲኖረው ከሌላ ጌም ቤት ጋር ይለዋወጣል፣ አንዳንዴም ይሸጠዋል።

የጌም ኩባንያዎቹ ግን በሌላ መንገድ ነው የሚሄዱት፣ እኔን የሚያናድደኝም ይሄ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ፒኤስ 5 ፕሮ ሲወጣ 700 ዶላር ተቆርጦለት ዲስክ ማስገቢያ የለውም፤ ከፈለጋችሁ ለብቻው ግዙ ነው። በዚያው ዓመት ማርች 31 ዩቢሶፍት «ዘ ክሩ» የሚባለውን የመኪና ጌም ሰርቨር ዘጋ። ጌሙ የወጣው በ2014 ነው። ከሰርቨሩ ጋር በኢንተርኔት ካልተገናኘ ስለማይሠራ፣ ብቻዬን ነው የምጫወተው የሚል ሰው እንኳ፣ ዲስኩ እጁ ላይ እያለ፣ መጫወት አይችልም። ገንዘብ የተከፈለበት ዕቃ እኮ ነው! አውሮፓ ውስጥ ተጫዋቾች ይሄን ዓይነቱን ነገር ተቃውመው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባስበዋል፣ እሰየው ነው የምለው።

ፊፋ ውስጥ አልቲሜት ቲም የሚባል አጨዋወት ደግሞ አለ። ውስጡ ማን እንዳለ ሳታውቁ በእውነተኛ ገንዘብ የተጫዋች ጥቅል ትገዛላችሁ። ምባፔ ሊወጣ ይችላል፣ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ተከላካይም ሊወጣ ይችላል። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ይሄ ቁማር ነው አለ፣ ፊፋን ሲሠራ የነበረው ኩባንያ ኢኤ ደግሞ በ2019 መጀመሪያ ላይ እዚያ አገር ጥቅሉ የሚገዛበትን ነጥብ መሸጥ አቆመ። በሌላው ዓለም ግን ቀጥሏል። እዚህ ቤት አልቲሜት ቲም አይከፈትም፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚጋጠመው ብቻ ነው። ለምን ብዬ ባለቤቱን ጠየቅሁት። «ልጆቹ የምሳ ብራቸውን ይዘው ነው የሚመጡት ወንድሜ፣ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም» አለኝ። ለዚህ ብቻ ሲባል ደንበኛው ብሆን አይቆጨኝም።

ቪአሩ፣ ዓይን ላይ የሚታሰረው የጌም መነጽር፣ ጥግ ላይ ምንጣፍ የተነጠፈበት ቦታ ነው። መሣሪያው የሜታ ኩባንያ ኩዌስት 2 ነው፣ ኮምፒውተርም ገመድም አያስፈልገውም። በሙዚቃው ምት የሚመጡባችሁን ኩቦች በሰይፍ የምትቆርጡበት ቢት ሴበር ተጭኖበታል፣ እውነት ለመናገር በጣም ደስ ይላል። ባላችሁበት ቆማችሁ ስለምትጫወቱትም አያዞርም። የመኪናውን ጌም ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አትሞክሩ። ዓይን እየሄድኩ ነው ይላል፣ ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ አልተንቀሳቀስኩም ይላል፣ በሁለቱ መሀል ሆዳችሁ ይገለበጣል። አንድ ጎረምሳ ከዚያ ሲወጣ ግድግዳ ይዞ ነው የሄደው። ምስሉ ብዥ ካለባችሁ ሌንሶቹ እንዲስተካከሉ ጠይቁ፤ 58፣ 63 እና 68 ሚሊ ሜትር የሚሆን ሦስት ቦታ አላቸው። የዓይን መነጽር የምታደርጉ ደግሞ ከዕቃው ጋር የሚመጣ ማራቂያ ፕላስቲክ አለ፣ ካልጠየቃችሁ ከመሳቢያው አይወጣም።

ቅሬታዬ ፊት ላይ የሚያርፈው ስፖንጅ ላይ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ላብ ግንባራችሁ ላይ ይለጠፋል፣ ሌንሱም ጉም ይለብሳል። በሶፍት ጠረግ ማድረግ አይበቃም፣ የሚታጠብ የሲሊኮን ሽፋን ይገዛለት። ሌላው፣ ሜታ ራሱ ከ10 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሆንም እያለ እዚህ ግን ትንንሽ ልጆች ሲያደርጉት አይቻለሁ። ይሄ መቆም አለበት።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ጓሮው ነው። ማንጎው ሥር ጠረጴዛዎች አሉ፤ ሉዶ፣ ዳማ፣ ቼዝ፣ ካርታ፣ አንድ የገበጣ እንጨትም አለ። ሻይ ወይ ቡና ካዘዛችሁ ለጨዋታው አይከፈልም። ፊት ለፊት ባለው ክፍል ሴት ልጅ እምብዛም አይታይም፣ እዚህ ግን በካርታው ኮንከር ሲጫወቱ የሚያሸንፉት እነሱ ናቸው። የገበጣው እንጨት ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል። አንድ ጡረታ የወጡ ጋሼ አሉ፣ ከሰዓት በኋላ አይጠፉም። ጠጠር አይቆጥሩም። እፍኝ አድርገው ያነሱና ጉድጓድ ለጉድጓድ ሲያከፋፍሉ የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ አስቀድመው ያውቁታል።

«ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ቀስ ብለው ያሳዩኝ» አላቸው አንድ የፖሊ ግቢ ተማሪ።

«እጄን ተወውና ጠጠሩን እይ፣ ልጄ» አሉት፣ ደግመው አሸነፉት።

ቼዝ የምትወዱ ካላችሁ ባለቤቱን አንድ ነገር ጠይቁልኝ። የድሮው የኛ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ይሞከር። በሱ ሕግ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም፣ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፤ ወረራ ይሉታል። ፈርዟ እንደ ዛሬዋ ንግሥት አትሮጥም፣ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የምትሄደው። ለጓሮው ልክ የሚሆን ጨዋታ ነው።

ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት መቀመጫ አይገኝም። በሥራ ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ሂዱ፣ ፒኤስ 5 ላይ ወረፋ የለም። ቪአሩን በደቂቃ ክፈሉ፣ የሙሉ ሰዓት ሂሳብ ውስጥ አትግቡ።