ጺም፣ ደረት ወይስ እግር? ራስ ላይ የሚተከል ፀጉር ከየት ይወሰድ

ስለ ፀጉር ንቅለ ተከላ ሲነሳ ሐኪም መጀመሪያ የሚያየው ከማጅራት በላይ ያለውን ፀጉር ነው። ችግሩ፣ ይህ ፀጉር ያልቃል። አብዛኛው ሰው ከራሱ ኋላና ጎን በዕድሜ ዘመኑ ሊወሰድለት የሚችለው በግምት ከ4,000 እስከ 6,000 ግራፍት ነው። ግራፍት ማለት ከነሥሩ የወጣ የፀጉር ችግኝ ነው። ግንባሩም አናቱም የተራቆተ ሰው ከዚህ በላይ ሊያስፈልገው ይችላል። ያኔ ዓይን ወደ ጺም፣ ወደ ደረትና ወደ እግር ይሄዳል።

ሦስቱ ግን እኩል አይደሉም። የእኔ ምርጫ ቁርጥ ያለ ነው፦ ጺም አንደኛ፣ ደረት በብዙ ርቀት ሁለተኛ፣ እግር ለትንሽ ሥራ ብቻ።

ምክንያቱ የፀጉር ጠባይ ነው። ኖርማን ኦሬንትራይክ የሚባል አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጥናት፣ የተዛወረ ፀጉር የመጣበትን ቦታ ጠባይ ይዞ እንደሚሄድ አሳየ። የማጅራት ፀጉር አናት ላይ ተተክሎም የማይመለጠው ለዚህ ነው። የደረት ፀጉርም እንዲሁ የደረትነቱን ጠባይ ይዞ ይመጣል። ራስ ላይ ሲተከል ትንሽ ይረዝም ይሆናል እንጂ የራስ ፀጉር አይሆንም።

የራስ ፀጉር ከ2 እስከ 6 ዓመት ሳያቋርጥ ያድጋል። የደረትና የእግር ፀጉር የሚያድገው ለወራት ነው። ከዚያ ያርፋል፣ ይረግፋል፣ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ 1,000 የደረት ፀጉር ቢተከልላችሁ፣ ሁሉም ቢጸድቅ እንኳ መስታወት ፊት በአንድ ጊዜ 1,000 አታዩም። ከፊሉ ሁልጊዜ እረፍት ላይ ነው። ጺም ከሁለቱ የተሻለ ረጅም የዕድገት ጊዜ አለው።

ይህን በራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ክንዳችሁ ላይ ትንሽ ቦታ ላጩና ከአምስት ቀን በኋላ ብርሃን ላይ ተመልከቱት። አንዳንዱ ቀዳዳ ጥቁር ጫፍ አውጥቷል፤ ሌላው ዝም ብሏል። ጥሩ ሐኪምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከቀዶ ሕክምናው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ያስላጫል፤ ከዚያ እያደገ ያለውን ብቻ ለይቶ ያወጣል።

ሌላው የጺም ጥቅም ውፍረቱ ነው። አንዱን በጣታችሁ ብታሹት ከርከር ይላል። የራስ ፀጉር ከአንድ ሥር እስከ አራት ሆኖ ሲወጣ ጺም ባብዛኛው ነጠላ ነው፤ ግን ውፍረቱ ይክሰዋል፣ ጥሩ ይሸፍናል። በግንባር ጠርዝ ላይ ግን በፍጹም! ብሩሽ ይመስላል። ቦታው መሃል ራስና አናት ነው፣ ያውም ከራስ ፀጉር ጋር ተቀላቅሎ። የእግር ፀጉር ተቃራኒው ነው። ስስ ስለሆነ የግንባርን ጠርዝ ለማለስለስ ይረዳል እንጂ መላጣ አይሸፍንም።

ጠባሳውንም አስቡበት። ፀጉሩ የሚወጣው በኤፍ ዩ ኢ ዘዴ፣ አንድ በአንድ፣ 1 ሚሊሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ መብሻ ነው። ጺም የሚወሰደው ከአገጭና ከመንጋጋ ሥር ስለሆነ የሚቀሩት ነጫጭ ነጥቦች ብዙም አይታዩም። የእግር ቆዳ ቶሎ አይድንም። ደረት ደግሞ ኬሎይድ፣ ማለትም አብጦ የሚቀር ጠባሳ፣ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ጥቁር ቆዳ ላለን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጆሯችሁን ስትበሱ ወይም ስትከተቡ ጠባሳው አብጦባችሁ የሚያውቅ ከሆነ ደረታችሁን ባታስነኩ ይሻላል። ለሌላውም ቦታ ቢሆን መጀመሪያ ለሐኪሙ ንገሩት።

ጺሙ ከርዳዳ የሆነ ሰው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይጠይቅ። ከርዳዳ ፀጉር ከቆዳ በታችም ይጠመዘዛል፤ ሲወጣ ሥሩ በቀላሉ ይቆረጣል። የተቆረጠ ሥር ደግሞ የመጽደቅ ዕድሉ አነስተኛ ነው። «እንደኔ ዓይነት ፀጉር ላይ ሠርተው ያውቃሉ? ከመቶው ስንቱ ይቆረጥብዎታል?» በሉት። በጥያቄው የሚናደድ ከሆነ ሌላ ሐኪም ፈልጉ።

ከማጅራታችሁ ገና በቂ ፀጉር የሚገኝ ከሆነ ግን ወደ ሰውነት ፀጉር አትቸኩሉ። እየሳሳ ያለውን ለማቆየት ሚኖክሲዲልና ፊናስቴራይድ የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ስለ እነሱም ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

ጺም ወይም ደረት ላይ ከወሰናችሁ በአንዴ ብዙ አታስተክሉ። በትንሽ ቦታ ሙከራ ይደረግላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተተከለው ፀጉር ይረግፋል፤ ይህ የተለመደ ስለሆነ አትደንግጡ። ከሦስት፣ ከአራት ወር በኋላ አዲስ ፀጉር ብቅ ማለት ይጀምራል። አናቱንም ፀጉሩ የተወሰደበትንም ቦታ በየወሩ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ አንሱ። ዓመት ሲሞላ ፎቶዎቹን ይዛችሁ ሐኪሙ ዘንድ ሂዱና ስለ ቀሪው ያኔ ወስኑ።