የእጅ ፍሪሲዮን ወይስ የእግር? ጆን ዲር ቢን እና ፎርድ 8ኤንን ለሚያማርጥ ገዢ

አሜሪካ ገጠር ትንሽ መሬት የያዘ ወዳጅ "አሮጌ ትራክተር ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻለኛል?" ብሎ ሲደውልልኝ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ሁለት ማሽኖች ላይ ያርፋል። አንዱ አረንጓዴው ጆን ዲር ቢ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1952 የተሠራ፣ ሁለት ፒስተን ብቻ ያለው፣ ድምፁ ከሩቅ የሚለይ። ሌላው ፎርድ 8ኤን ነው፤ ከ1947 እስከ 1952 ከ500 ሺህ በላይ ተመርቷል። ሰው የሚያየው ቀለሙን፣ ጎማውንና ሞተሩ መነሳቱን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ፍሪሲዮኑን፣ ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውንና የሚለየውን ክፍል፣ እዩ እላለሁ። የቢው በእጅ ነው፣ የ8ኤኑ በእግር። ነገ ጠዋት ማን ይነዳዋል፣ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል የሚለውን የሚወስነው ይኸው ነው።

አገር ቤት ትራክተር ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ማሴ ፈርጉሰን ነው። በእግር ትረግጣለህ፣ ማርሽ ታስገባለህ፣ ቀስ ብለህ ትለቃለህ። 8ኤን ላይ የሚወጣ ሰው እንግድነት አይሰማውም። የኋላ ማንሻው ሳይቀር ማሴ ፈርጉሰን ስሙን የወሰደበት የሃሪ ፈርጉሰን ሐሳብ ነው፤ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ይቻላል። ቢ ላይ የሚወጣ ሰው ግን ግራ እግሩ የሚረግጠው ፍሪሲዮን ያጣል።

ፍሪሲዮኑ ያለው ከወንበሩ በስተቀኝ ባለው ረጅም ዘንግ ላይ ነው። ወደፊት ሲገፋ ይይዛል፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ይለቃል። እስከ መጨረሻው ሲሳብ ደግሞ ፑሌጃውን፣ ማለትም በቀኝ ጎን ያለውን ቺንጋ የሚዞርበትን ክብ ብረት፣ የሚያቆም ትንሽ ፍሬን ይነካል፤ ማርሹ ሳይጮህ የሚገባው በዚያ ነው። ዘንጉ ደግሞ በተዉት ቦታ ይቆያል። እንደ ፔዳል እግር ሲነሳለት አይመለስም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚነዳ ሰው ይህ ትልቅ እረፍት ነው፤ ጉልበት አይደክምም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጥሩ የእጅ ፍሪሲዮን ሲይዝ "ቋ" ይላል። ዘንጉ ወደፊት ሲሄድ እየጠነከረ ይመጣል፣ ከዚያ አንድ ነጥብ አልፎ ቋ ብሎ ይቆለፋል። መዳፍ ላይ ይሰማል። እኔ የገዛሁት ቢ ይህ አልነበረውም። ዘንጉ መወርወሪያ እንደሌለው በር ዝም ብሎ ሄደ። ሻጩ "ትንሽ ማጥበቅ ነው፣ አምስት ደቂቃ" አለኝ፣ አመንኩት። ቤት ወስጄ አጠበቅኩት፤ እውነትም ቋ አለ። መከስከሻውን አስሬ ማሳ ገባሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የተቃጠለ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ትራክተሩ አይሄድም። ስከፍተው ሸራዎቹ፣ ፍሪሲዮኑ ውስጥ እየተፋጩ የሚይዙት፣ በሞተር ዘይት ርሰው ጥቁር ሆነዋል። ዘይቱ ከውስጥ በኩል አምልጦ እየገባ ኖሯል። በዘይት የራሰን ሸራ ማጥበቅ አያድነውም። መጀመሪያ የዘይቱን መውጫ መድፈን፣ ከዚያ ሸራውን መቀየር ነው።

ማስተካከሉ ራሱ ግን ደስ የሚል ሥራ ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ ማርሹን ፎሌ ላይ (ምንም ማርሽ ሳይገባ) አድርጉ። በቀኝ ጎን ያለውን የፑሌጃ ክዳን አንሱ። ሦስት ዳዶዎች ክብ ሠርተው ታያላችሁ፤ እያንዳንዳቸው በኮፒሊያ፣ ዳዶው እንዳይፈታ በሚይዝ ትንሽ ፒን፣ ተቆልፈዋል። ኮፒሊያዎቹን አውጡና ሦስቱንም እኩል አጥብቁ፤ ከአንዱ የዳዶ ጥርስ ወደሚቀጥለው ጥርስ ብቻ። ዘንጉን ሞክሩ። ቋ ካላለ እንደገና አንድ ጥርስ። አንዱን ዳዶ ብቻ ማጥበቅ ዲስኩን ያጋድለዋል፣ በአንድ ወገንም ይበላዋል። ከመጠን በላይ ማጥበቅም ጥፋት ነው፤ ዘንጉን በሁለት እጅ መግፋት ካስፈለጋችሁ መልሳችሁ አላሉት። ሲጨርሱ አዲስ ኮፒሊያ ማስገባት አይረሳ።

አጥብቃችሁም ካልያዘ፣ ሸራው አልቋል ወይም ዲስኩን የሚገፉት ጥርሶች ጫፋቸው ተበልቷል። ዘንጉ ተስቦም ትራክተሩ መሄድ ከፈለገ ደግሞ ዲስኮቹ ዝገው ተጣብቀዋል፣ ወይም ፑሌጃው የሚዞርበት ቦታ ግራሶ አጥቷል። ማርሽ ሲገባ የሚጮህ ከሆነ የፑሌጃውን ፍሬን እዩት። ይህን ሁሉ ከውጭ ቆማችሁ፣ ትራክተሩን ሳትበትኑ ትሠሩታላችሁ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ የድሮ ሸራ አዝቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ብናኙን በአየር አትንፉት። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ አፍንጫችሁንም ሸፍኑ።

8ኤን ላይ ማስተካከሉ ከዚህም ይቀላል። ፔዳሉ ሲረገጥ ፍሪሲዮኑን ከመንካቱ በፊት ወደ 2 ሴንቲሜትር ያህል ነጻ ጉዞ ሊኖረው ይገባል። ከጎደለ በማገናኛው ዘንግ ላይ ያለውን ፒን አውጥቶ ጫፉን አዙሮ መመለስ ነው፤ አለቀ። እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ መንዳት ግን ኩሽኔታውን ይጨርሰዋል።

ልዩነቱ የሚመጣው ሸራው ሲያልቅ ነው። 8ኤንን መሀል ላይ ለሁለት መክፈል ግድ ይላል። የሞተሩ ወገን ወደፊት፣ የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ወገን ወደ ኋላ። የሞተሩን ክዳን ማንሳት፣ ሽቦና የነዳጅ ቱቦ መፍታት፣ ሁለቱንም ግማሽ በጠንካራ ድጋፍ ማስደገፍ አለ። ሲገጥም ደግሞ ዲስኩ መሀል ለመሀል ካልተቀመጠ የካምቢዮው ዘንግ አይገባም። ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ወለልና የሚያግዝ ሰው የሌለው ሰው ይህን ብቻውን ባይሞክረው እመርጣለሁ፤ የግማሽ ትራክተር ክብደት ቀልድ አያውቅም። ጋራዥ ከወሰዳችሁት ደግሞ አብዛኛው ወጪ ለጉልበት ነው የሚሄደው።

እስካሁን ለቢ ያደላሁ ይመስላል። አዎ፣ በጥገና በኩል አደላለሁ። ነገር ግን በአደጋ በኩል ተቃራኒውን እላለሁ። መኪና የለመደ ሰው ሲደነግጥ በእግሩ ይረግጣል። 8ኤን ላይ ግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን፣ ቀኝ እግሩ ፍሬኖቹን ያገኛል፤ ትራክተሩ ይቆማል። ቢ ላይ ሁለት የፍሬን ፔዳሎች ይረግጣል፣ ዘንጉ ግን ወደፊት እንደተቆለፈ ነው፣ ሞተሩም መግፋቱን አይተውም። መሳብ እንዳለበት እጁ የሚያስታውሰው ከብዙ ልምምድ በኋላ ነው። ሌላም አለ። ዘንጉን መሬት ላይ ቆሞ መድረስ ይቻላል፤ ማረሻ ሲታሰር ያጓጓል። እባካችሁ አታድርጉት። ከጎማው ፊት የቆመ ሰው ዘንጉ ቋ ካለ በኋላ ማምለጫ የለውም። ልጆች ወይም ጀማሪ ዘመድ የሚነዱት ከሆነ ያለ ምንም ማቅማማት 8ኤንን ግዙ።

በሥራም ቢሆን ልዩነት አላቸው። 8ኤን ባለ ሦስት ነጥብ ማንሻ ስላለው ዛሬ የሚሸጡትን ትናንሽ መሣሪያዎች ያነሳል። ቢ ከፋብሪካው ይህ የለውም፤ መጎተት ነው ሙያው፣ በቺንጋ ወፍጮ ወይም መጋዝ ማዞርም ይችላል። ሣር ማጨጃ ለማሰር ካሰባችሁ ሁለቱም ላይ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ማጨጃውን የሚያዞረው የኋላው የኃይል ዘንግም ይቆማል። 8ኤን ላይ ደግሞ የማጨጃው ምላጭ በራሱ ጉልበት እየዞረ ትራክተሩን ወደፊት ይገፋዋል፤ ፔዳሉን ረግጣችሁም አጥር ውስጥ ልትገቡ ትችላላችሁ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ማያያዣ ሳትገዙ ማጨጃ አትሰሩበት።

ልትገዙ ስትሄዱ ሁለቱንም በከፍተኛ ማርሽ፣ ፊት ለፊት ሰው በሌለበት ሜዳ፣ ፍሬን ይዛችሁ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ አስይዙት። ደህና ከሆነ ሞተሩ ታንቆ ይጠፋል። መጮሁን ከቀጠለ ይንሸራተታል ማለት ነው። 8ኤን ላይ ከዚህ በላይ ማየት አትችሉም፤ ሸራው መሀል ሆዱ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ዋጋ ስትከራከሩ ትራክተሩን ለሁለት የመክፈሉን ወጪ አስቡበት። ቢ ላይ ግን ሻጩን ሞተሩን አጥፍቶ የፑሌጃውን ክዳን እንዲከፍትላችሁ ጠይቁት። የደቂቃዎች ሥራ ነው። ባትሪ መብራት አብሩና ጣታችሁን ከዲስኮቹ ሥር አስገብታችሁ አውጡት። ጣታችሁ ዘይት ይዞ ከወጣ፣ እኔ ያን ቀን ያላደረግኩትን አድርጉ፦ ክዳኑን መልሱለትና ወደ ሚቀጥለው ትራክተር ሂዱ።