ጋቢዮን፣ የድንጋይ ግንብ ወይስ ቬቲቨር? ለኮረብታ መንገድ የቱ ያዋጣል?

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ የወረደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አስፋልቱ ይጎብጣል፣ ይጠገናል፣ ደግሞ ይጎብጣል። እዚያ የሚንሸራተተው መሬት ጥልቅ ስለሆነ መንገድ ዳር የቆመ ግንብ ብቻውን አይመክተውም። ወደ ሎጃችሁ ወይም ወደ እርሻችሁ በሚወጣው መንገድ ላይ ግን ተዳፋቱን ለመያዝ ምርጫ ይኖራችኋል፦ ጋቢዮን (በድንጋይ የሚሞላ የሽቦ ሳጥን)፣ የድንጋይ ግንብ ወይም ቬቲቨር የሚባለው ሣር።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ተዳፋቱን ክረምት ላይ እዩት። ከአናቱ ላይ ከመንገዱ ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ ወይም ከግርጌው ያበጠ አፈር ካለ መሬቱ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ችካል ምቱና ርቀቱን በየሳምንቱ ለኩ። እየሰፋ ከሄደ ግዢውን ተዉትና የጂኦቴክኒክ (የአፈርና የአለት) መሐንዲስ ጥሩ።

የድንጋይ ግንብ ያምራል፣ ቦታም አይፈጅም። ችግሩ ግትር መሆኑ ነው፤ መሬቱ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ይሰነጠቃል። መሠረቱ አለት ወይም ጠንካራ አፈር ላይ ካላረፈ አልመክርም። ክረምት እያበጠ በጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ላይማ ጭራሽ! የውሃ መውጫ ቀዳዳ ከሌለው ደግሞ ከጀርባው የተጠራቀመው ውሃ ገፍቶ ይጥለዋል።

ጋቢዮን ውሃ ያሳልፋል፣ መሬቱ ሲሰምጥም አብሮ ይጎብጣል። ድንጋዩ ቅርብ ከተገኘ ወጪውም ይቀላል። ስትገዙ ሽቦው ዚንክ የተለበጠ መሆኑን እዩ። ድንጋዩ ከሽቦው ቀዳዳ የሚበልጥ፣ በመዶሻ ሲመታ የማይፈረካከስ ይሁን። በእጅ ይደርደር እንጂ ዝም ብሎ አይገልበጥ፤ በጥድፊያ የተሞላ ሳጥን ሆዱ ይነፋል። ከጀርባው ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ) ካልገባ አፈሩ በድንጋዩ መሃል እየታጠበ ይወጣል።

ቬቲቨር ከሁሉም ርካሽ ነው። በኢሉባቦርና በጅማ ገበሬው ለአፈር ጥበቃ ይተክለዋል። ሥሩ ቀጥ ብሎ እስከ 3 ሜትር ሊወርድ ስለሚችል በዝናብ የሚታጠበውን የላይኛውን አፈር ይይዛል፤ ጥልቅ ናዳ ግን አያቆምም። ክረምት ሲገባ በአግድም መስመር፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እያራራቃችሁ ትከሉት። ውርጭ ያለበት ደጋ ላይ አይሆንም።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ ከግርጌ ጋቢዮን፣ ከላይ ቬቲቨር። ከሁለቱም በፊት ግን ከአናቱ የሚመጣውን ውሃ የሚያስቀይስ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ የተለበጠ ቦይ ይቅደም። ዋጋ ስትጠይቁም የቦዩን ሥራ ለብቻው አስጽፉ፤ «ውስጡ አለ» ከተባላችሁ አትመኑ።