ደሴ ፒያሳ የሚሸጠው የሚያምታቱ የእንግሊዝኛ ቃላት ጥራዝ

ደሴ ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚገኘው ይህ ስስ ጥራዝ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ሥራ ለሚያመለክት ሰው ይጠቅማል። ምርጡ ክፍል ስለ «ሃርድ» እና «ሃርድሊ» የሚያስረዳው ነው። «ሊ» ሲጨመር ተውሳከ ግስ ይሆናል የሚለውን ሕግ ይዞ፣ ጠንክሬ እሠራለሁ ለማለት «አይ ሃርድሊ ወርክ» የሚጽፍ ብዙ ነው። ቀጣሪው ግን የሚረዳው «እምብዛም አልሠራም» ብሎ ነው! «ሃርድ» ያለ ምንም ቅጥያ ተውሳከ ግስ ይሆናል፤ ቦታውም ከግሱ በኋላ ነው፦ «አይ ወርክ ሃርድ»።

«አድቫይስ» (ምክር) በሲ ስም፣ «አድቫይዝ» (መምከር) በኤስ ግስ መሆኑንም በትክክል ይዟል። ስሙ ብዙ ቁጥር እንደሌለው ግን አልጠቀሰም፤ ብዙዎች ደግሞ መጨረሻው ላይ ኤስ ይጨምሩበታል።

በሁለት ዓይነት በሚጻፈው «ስቴሽነሪ» ላይ ተሳስቷል፣ ትርጉሙ ተገላብጦ ታትሟል። ከአር በፊት ኢ ያለው የጽሕፈት መሣሪያ ነው (ኤንቨሎፕም በኢ እንደሚጀምር አስታውሱ)፤ ኤ ያለው የማይንቀሳቀስ ማለት ነው። ታፔላ የሚያስጽፍ ነጋዴ ይህን ገጽ አይመን።

«አፌክት» (ተጽዕኖ ማሳደር) እና «ኢፌክት» (ውጤት) በአንድ መስመር ታልፈዋል። መልመጃም የለውም። ለመነሻ ግን ግዙት፤ የስቴሽነሪውን ገጽ በእስክሪብቶ አርሙት።